ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ስለ አገር ቤታችን ግድግዳ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ምድር ስትናወጥ መክረሟን፣ በየካቲት 7 ቀን ሌሊትም በመለኪያ 6 የደረሰ መንቀጥቀጥ መነሣቱን፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ቤቱን ትቶ መውጣቱን አንባቢያን ሁሉ ያስታውሱታል። በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞችም በሌሊት ልጆቻችንን አቅፈን በደረጃ ወርደናል። ያን ሰሞን በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም። በወሬውም መካከል ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ከመጣን ሰዎች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ቃል ስለ ነበረ፣ እርሱን ለመመርመር ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ቃሉም «የእኛ አገር ደጋ ነው፣ አለት ነው፤ ይህ የአፋርና የስምጥ ሸለቆ ጣጣ ነው» የሚል ነው።

ይህ አነጋገር ከግማሽ በላይ እውነት አለው፤ የሚያዘናጋውም ይኸው እውነትነቱ ነው።

ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ ሳይሆን በታላላቅ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህም ሦስቱ፣ ማለት የኑቢያ፣ የሶማሌና የዐረብ ገበታዎች፣ የሚገናኙት በእኛው አፋር ላይ ነው፤ ተገናኝተውም እየተራራቁ ይገኛሉ። በስምጥ ሸለቆው ላይ ኑቢያና ሶማሌ የሚራራቁት በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ የሰው ጥፍር በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል ነው። አለት ግን እንደ ጥፍር በየቀኑ ጥቂት በጥቂት አይሄድም። በጥንት ስንጥቅ ላይ ግራና ቀኙ ተናክሶ ለዘመናት ይቆያል፤ እንደ ተለመጠ እንጨትም ኀይል ያጠራቅማል፤ መናከሱ ያቃተው ዕለት በድንገት ይንሸራተታል። ከዚያ መንሸራተት የሚነሣው ሞገድ ነው እኛ ዘንድ ደርሶ አልጋችንን የሚያወዛውዘው። ስንጥቁን ምሁራኑ ፎልት ይሉታል። አንዳንድ ጊዜም የቀለጠ አለት ከታች ተነሥቶ እንደ ሽብልቅ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ በኩል 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ምድር እስከ 8 ሜትር ድረስ የተከፈተችው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፈንታሌው ነውጥም ከዚሁ ወገን ነው።

እዚህ ላይ ለሥራ ጓደኞቼ ስነግራቸው ደስ ያሰኛቸውን አንድ ነገር ልጨምር። የሚነሣው ሞገድ ሁለት ዐይነት ነው። ፊተኛው በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይገሠግሣል፤ ሲደርስም መስኮት ከማንቀጫቀጭ አልፎ ብዙ አይጎዳም። ኋለኛው በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚሄድ ሲሆን ቤት የሚያወዛውዘው እርሱ ነው። መብረቅ ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ እንደምንቆጥር ሁሉ፣ ከፊተኛው ንዝረት እስከ ኋለኛው ውዝዋዜ ያለውን ሰከንድ ቆጥረን በ8 ብናበዛው የመነሻው ርቀት በኪሎ ሜትር በግምት ይገኛል። 16 ሰከንድ ቢቆጠር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ፈንታሌ ያለው ርቀት ነው። በዚያ ሌሊት ድንጋጤውን ትቶ የሚቆጥር ሰው መገኘቱን ግን እጠራጠራለሁ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከነፋስ መውጫ ተነሥቶ በቻይና መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በወልድያ በኩል ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላው ሲወርድ ያያል። ያ ቁልቁለት ምድር በታላላቅ ስንጥቆች ላይ እየተንሸራተተች በደረጃ የወረደችበት የስምጡ ጠርዝ ነው። ከነፋስ መውጫ እስከዚያ ድረስ በአየር ቢለካ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ሩቅ ቢሆንም ለሞገድ የግማሽ ደቂቃ መንገድ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚሁ ጠርዝ ላይ፣ በካራቆሬ በኩል፣ የተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ የካራቆሬንም ብዙ ቤት ጥሏል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድም ሰንጥቆታል። ከካራቆሬ እስከ ስማዳ በአየር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ፈረሰች። እነዚህንና ከእነርሱ በፊት የሆኑትን ከየመዛግብቱ፣ ከዜና መዋዕሉና ከተጓዦች ጽሑፍ እየለቀመ በ1971 ዓ.ም. ገደማ በአንድ መጽሐፍ የሰበሰበልን በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የነውጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ያቋቋመው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ፒዬር ጉዌን ነው። ሥራው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ይቀጥላል።

ከዚህም ሌላ በምዕራብ በኩል አንድ ነገር አለ። የጣና ሐይቅ የተቀመጠው ሦስት የጥንት ስምጦች በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ነው፤ አንዱ የጎንደር፣ ሁለተኛው የደንገል በር፣ ሦስተኛው የደብረ ታቦር ነው። የደብረ ታቦሩ ማለት የእኛው ደጃፍ ነው። ከእስቴ በስተምዕራብ በደራ በኩል የሚገኘው፣ ወላጆቻችን ለቁርጥማት የሚሄዱበት የወንዛዬ ፍል ውኃ የሚነግረንም ከሥር እስከ ጥልቁ የሚደርስ ስንጥቅ መኖሩን ነው፤ ውኃ በስንጥቅ ወርዶ ካልሞቀና በስንጥቅ ካልወጣ በደጋ ላይ አይፈላምና። ጉናስ የሚል ቢኖር፣ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ የሚደርስ የእሳተ ገሞራ ተራራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሳቱ የነበረው ከዐሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነውና ስለ እርሱ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም። እንደዚሁም በጋይንት የሚታየው ገደል ሁሉ ፎልት አይደለም። አብዛኛውን የቆፈሩት በሽሎና ገባሮቹ ናቸው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። የእኛ አገር ከአፋርና ከወሎ ጠርዝ ያነሰ አደጋ አለበት፤ በግንባታ ደንቡ ካርታም ምሥራቁ ጠርዝ ከምዕራቡ ደጋ ይልቅ ከፍ ባለ ደረጃ ተመድቧል። ይሁን እንጂ ያነሰ አደጋ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። በይበልጥ የሚያሳስበኝም ሞገዱ ደክሞ ቢደርስ የሚቀበለው ግድግዳ ምን ዐይነት ነው የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት አገሮችን ማነጻጸር ይበቃል። በጥር 2002 ዓ.ም. በሄይቲ በመለኪያ 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ወር ተኩል ሲሆነው በየካቲት 2002 ዓ.ም. በቺሌ 8.8 የሆነ ተነሣ። መለኪያው አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚወጣው ኀይል 32 እጥፍ ያህል ስለሚያድግ፣ የቺሌው የሄይቲውን 500 እጥፍ ያህል ነበር። የሞተው ሰው ግን 500 ያህል ነው። እርግጥ የሄይቲው መነሻ ከዋና ከተማው አጠገብ ነበረ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ሆኖም ልዩነቱን ሁሉ ርቀት አይሸፍነውም። ቺሌዎች ብዙ ጊዜ ስለ ተመቱ ቤት ሲሠሩ ብረቱን አስረው፣ ደንቡንም አክብረው ይሠራሉ፤ በሄይቲ ደግሞ ማሠሪያ የሌለው ብሎኬት ከባድ ጣሪያ ተሸክሞ ነበር።

የእኛስ? አባቶቻችን ይኖሩበት የነበረው ጎጆ በቋሚና በማገር የታሰረ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ሣር የለበሰ ነበር። እንዲህ ያለው ቤት ሲናወጥ እንደ ቅርጫት ይወዛወዛል እንጂ እንደ ካብ አይናድም፤ ቢወድቅም የሚወድቀው ሣርና እንጨት ነው። ለእሳትና ለምስጥ መጥፎ ስለ ሆነ ወደ እርሱ እንመለስ አልልም። በደጋው ጋይንት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በጭቃ የሚካብ የድንጋይ ቤት አለ። አሁን ከከተማ ገንዘብ ስንልክ የሚሠራው ይኸው የድንጋይ ቤት ነው፤ ከፍ ብሎ፣ መስኮቱ ሰፍቶ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ ለብሶ ይቆማል። ስናየው ያኮራናል። ነገር ግን ግድግዳው በውስጡ ሁለት ነው፤ የውጭ ፊትና የውስጥ ፊት ለየብቻ ተደርድሮ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ሲናወጥ ጠጠሩ ወደ ታች ይጠቀጠቃል፣ ሁለቱን ፊት ይገፋል፣ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ የውጩ ፊት ወደ ውጭ፣ የውስጡ ደግሞ በተኛው ሰው ላይ ይወርዳል። ማዕዘኑም ካልታሰረ አስቀድሞ የሚከፈተው እርሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ወደ ስማዳ ወርጄ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ያለ ቤት ሲያሠራ አገኘሁት። ግንቡ እስከ መስኮቱ ደርሷል። ግንበኛው በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ሰው ናቸው። «አባቴ፣ ማዕዘኑን በምን አሠሩት?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝና «ልጄ፣ ድንጋይ በክብደቱ ይቆማል። በዚህ እጄ ስንት ቤት አቁሜአለሁ፤ አንዱም አልወደቀ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በእርሳቸው ዕድሜ የሚጥል ነውጥ አልመጣም። «የላሊበላን አገር ያውቁታል?» አልኳቸው። በወጣትነታቸው ለገና ተሳልመው ነበርና «እንዴታ!» አሉ። ይምርሐነ ክርስቶስንም ያውቁታል። እንግዲያው ያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደ ተሠራ ያስታውሱ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ ጠርብ፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና ጠርብ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንጨቱ ዙሪያውን ይዞታል» አሉ።

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ያ አሠራር ከአክሱም ዘመን የወረደ ሲሆን፣ ግድግዳውን አግድም በጠርብ አስሮ ሁለቱን ፊት በአጫጭር እንጨት እያያያዘ የሚሠራ ነው፤ የእንጨቶቹም ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ ስለሚታይ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት መንቀጥቀጥን አስበው ነው ብዬ አልከራከርም። ይሁንና በቱርክና በካሽሚር ገጠር ድንጋይን በእንጨት እያሠሩ የሚገነቡት ቤቶች ነውጥን የተሻለ ሲቋቋሙ ታይተዋል፤ መሐንዲሶችም ዛሬ ለደሃ አገር ቤት የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ከበርና ከመስኮት ጉበን በላይ ግድግዳውን ሁሉ ሳያቋርጥ የሚዞር፣ በአራቱም ማዕዘን የተያያዘ አንድ መቀነት፣ ከእንጨት ወይም አቅም ካለ ከብረትና ከሲሚንቶ፤ በየሜትሩ ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው ፊት የሚደርስ ረጅም ማያያዣ ድንጋይ፤ በርና መስኮቱም ከማዕዘን ራቅ ማለት። ለወንድሜ ቤት መቀነቱ ከባሕር ዛፍ ተጠርቦ ሲታሰብ ዋጋው ለብረት በሩ ከተመደበው በታች ሆነ። ክርክራችን ያለቀው በዚህ ሂሳብ ነው እንጂ በሳይንሱ አይመስለኝም።

አሁን ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች። ገንዘቡን የምንልከው እኛ ነን። ቆርቆሮው ስንት ጌጅ እንደ ሆነ በስልክ እንጠይቃለን፤ የበሩን ቀለም እንኳ እንመርጣለን፤ ስለ መቀነቱ የጠየቀ ግን አላየሁም። ከእኛም መካከል በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ ፕላን የሚፈርም አለ። አገሪቱ መንቀጥቀጥን የሚመለከት የግንባታ ደንብ በ1987 ዓ.ም. ገደማ አውጥታለች፤ ከሃያ ዓመት በኋላም አድሳዋለች። ነገር ግን ደንቡ የሚደርሰው መሐንዲስ በሚነካው ሕንፃ ላይ ነው፤ ሕዝቡ በመዋጮ የሚያቆመው የመማሪያ ክፍል በግንበኛውና በኮሚቴው ስምምነት ይሠራል። በላይ ጋይንት በ2013 ዓ.ም. ጦርነት የተጎዱ ቤቶችም ሲጠገኑ፣ ጣሪያው ተነሥቶ የግድግዳው ራስ የሚታይበት ያ ጊዜ መቀነት ለመጨመር ከሁሉ የቀለለው ጊዜ ነው። ጣሪያው ከተመለሰ በኋላ ማን ያፈርሰዋል?

ስለ ቦታም አንድ ቃል ልበል። አገራችን የላቫ ንጣፍ በንጣፍ ላይ የተደራረበበት ነው፤ በንጣፎቹም መካከል ቀይ አፈር አለ፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ይሟልጣል። በበሽሎ ተዳፋት ላይ ያደገ ሰው መሬት እንደሚንሸራተት አስተማሪ አያሻውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ከሁለት መቶ በላይ ወገኖቻችንን የቀበረው ናዳ የመጣው በዝናብ ብቻ ነው። ዝናብ በጠገበ ተዳፋት ላይ ነውጥ ቢጨመርበት ምን እንደሚሆን አንኮበር በ1835 ዓ.ም. ገደማ አይታዋለች። ስለዚህ ከአፋፉ ጫፍና ከገደሉ ሥር የሚሠራ ትምህርት ቤት፣ ቦታው ለእርሻ የማይረባ ስለ ሆነ ብቻ ከተሰጠ፣ ስጦታው አይደለም ባይ ነኝ። መሬቱ በየዓመቱ የሚሰነጠቅ፣ ዛፉ ያዘመመ፣ ምንጩ ቦታ የቀየረ ከሆነ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይበቃል፤ ያውቁታል።

በመንቀጥቀጡ ሰዓት ስለሚደረገው ደግሞ በቴሌቪዥን የሰማነው ምክር ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ልክ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩን መያዝ፣ ከመስታወት መራቅ፣ ደረጃና አሳንሰር አለመንካት። ይህንኑ እንዳለ ለስማዳ ብንነግራቸው ግን እንበድላቸዋለን። በጭቃ የተካበ የድንጋይ ቤት ውስጥ በበሩ አጠገብ ያለ ሰው ቶሎ ወጥቶ ከግድግዳው ቁመት አብልጦ ሜዳው ላይ ቢርቅ ይሻለዋል፤ ከግድግዳው ሥር ቆሞ መመልከት ከውስጥ ከመቆየት ይብሳል። ወደ በሩ የማይደርስ ከጠንካራ አልጋ ሥር ወይም ከጎኑ ይጠጋ፣ ራሱንም ይከልል። ከዚያም ተከታይ ነውጥ ስለሚኖር ወደ ተሰነጠቀ ቤት ዕቃ ለማውጣት አለመመለስ ነው። እሳቱን ማጥፋት፣ በረቱንም መክፈት አይረሳ።

መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የለም። ያን ሰሞን «ዛሬ በዚህ ሰዓት ይነሣል» እያሉ በስልክ ያስተላልፉ የነበሩት ሰዎች ብዙ ቤተሰብ ሜዳ ላይ አሳድረዋል። ቀኑን ቆርጦ ለመናገር የቻለ ጣቢያ በጃፓንም በአሜሪካም የለም። የእግዚአብሔር ሥራ ነው የሚሉ አባቶችን አልቃወምም፤ ግድግዳውን ያቆምነው ግን እኛ ነን።

ክቡር አዘጋጅ፣ በመጨረሻ የምለምንዎ አንድ ነገር አለ። ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከመሐንዲሶች ማኅበር ፈቃደኛ ባለሙያ ቢገኝ፣ የድንጋይ ቤት መቀነት በማዕዘን ላይ እንዴት እንደሚያያዝና ማያያዣው ድንጋይ እንዴት እንደሚቀመጥ በሥዕል አሳይቶ ከዚሁ ዓምድ አጠገብ ቢያወጡልን መልካም ነበር። ጋዜጣው ወገዳ፣ አርብ ገበያና መካነ ኢየሱስ ሲደርስ ሥዕሉን ቀዶ በግንበኛው እጅ የሚያስቀምጥ ሰው አይጠፋም። የወንድሜ ግንበኛ ሥዕል አላዩም፤ ጠርቡን በማዕዘኑ ላይ እንዴት እንደሚያነክሱት እስካሁን በስልክ ይጠይቁኛል።

አክባሪዎ፣
አንድ የስማዳ ተወላጅ
ከአዲስ አበባ